ትልቅ ጡት ላላት ሴት፣ ጡት በሚወጣበት ዕለት መልሶ ማሠራት፦ ያለፋችሁበት ንገሩኝ

ወለላ (ሜሪላንድ)፣ ማክሰኞ ምሽት

ጤና ይስጥልኝ። ለወትሮው እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ወር ቀኝ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘብኝ። ቀዶ ሐኪሟ ጡቱ በሙሉ መውጣት አለበት ብላለች።

ጭንቀቴ ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። ጡቴ በጣም ትልቅ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ነጠላ ደርቤ ደረቴን ስሸፍን የኖርኩ ሰው ነኝ። ትከሻዬ ላይ የጡት መያዣ ማንጠልጠያ የቆፈረው ቦይ አለ። ምነው በቀነሰልኝ ብዬ ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ፤ በዚህ መንገድ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሁለት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች አነጋገርኩ። አንደኛው «ጡቱ እንደ ወጣ እዚያው አልጋ ላይ እኔ እቀጥላለሁ፤ ስትነቂ ባዶ ደረት አታዪም» አለኝ። ሁለተኛዋ ደግሞ «እንደ አንቺ ባለ ጡት ላይ ቆዳው የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ቁስልሽ ይዳን፣ ሕክምናሽን ጨርሺ፣ ከዓመት በኋላ እንገናኝ» አለችኝ። ሁለቱም በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ሁለቱንም አምኜ ወጣሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ታላቅ እኅቴ «ነፍስሽን አትርፊ፣ ጡት ምን ይሠራልሻል?» ትለኛለች። ነፍሴንማ ለማትረፍ ነው የምሄደው። ግን አንዱ ወጥቶ ሌላው እንዲህ ተንጠልጥሎ ሲቀር እንዴት ተደርጎ ይኖራል? የመጨረሻ ቀጠሮዬ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ትልቅ ጡት የነበራችሁና በዚያው ዕለት ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ክፉውንም ደጉንም ንገሩኝ።

አደይ (ዳላስ)፣ ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

ወለላ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት አልፌበታለሁ፤ የእኔም የጡት ነገር እንደ አንቺው ነበር። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ እኔ በዚያን ጊዜ በቋንቋዬ የጻፈልኝ ሰው ፈልጌ አጥቼ ነበርና።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ትንሽ ጡት ያላት ሴት ጡቷ ሲወጣ ቆዳ ያጥራታል። እኛ ግን ቆዳ ይተርፈናል። ሲሰሙት ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ዳሩ ግን የተረፈው ቆዳ ረጅምና የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ውስጡ ሲወጣ እንደ ባዶ ከረጢት ይቀራል። ትንሽ ነገር ብንከት ቆዳው ይሸበሸባል፤ ትልቅ ነገር እንዳንከት ደግሞ የተለመዱት የሲሊኮን ጡቶች 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ ያበቃሉ። እኔ ከዚያ በላይ ነበርኩ። ስለዚህ «እንደ ነበረው» የሚባለውን ነገር የመጀመሪያው ቀን ላይ ተሰናበትኩት።

የእኔ ሐኪም ወረቀት ላይ መልሕቅ የመሰለ ነገር ሣለልኝ፦ በጡት ጫፍ ዙሪያ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ከዚያ በጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ዳርና ዳር። ጡት ለመቀነስ የሚሠሩበት አቆራረጥ ነው። ከታች ያለውን ትርፍ ቆዳ ግን ቆርጠው አይጥሉትም። የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ልጠው ያነሡትና የውስጠኛውን ጠንካራ ክፍል ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከላይ ካለው የደረት ጡንቻ ጋር ይሰፉታል። አንቀልባ ሕፃኑን ከሥር እንደሚይዘው፣ ያም የገባውን ከሥር ይይዘዋል። ሌሎች ሴቶች ለዚህ ሥራ ከሰው ቆዳ ተዘጋጅቶ የሚሸጥና በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ ጨርቅ መሰል ነገር ያስፈልጋቸዋል። እኛ ከራሳችን አለን። ለሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ሸክም አንድ ቀን ጠቀመኝ ብዬ ሐኪሙ ፊት ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የገባልኝ ዋናው ሲሊኮን አልነበረም፤ ቆዳ ማስፊያ የሚባል ፊኛ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በየሳምንቱ እየሄድኩ በመርፌ ጨው ውኃ ይጨምሩበት ነበር። በአምስተኛው ወር ፊኛውን አውጥተው 650 የሚል ሲሊኮን ተኩ፤ በዚያው ዕለት ግራውን ቀነሱልኝ። የጡት ጫፌ ግን ከመጀመሪያውም አልተረፈም። ያን ያህል የወረደ ጡት ላይ ጫፉን ማቆየት ከባድ ነው፤ ደሙ ከሩቅ ነው የሚመጣው። አሁን ያለኝ ንቅሳት ነው። እናቴ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች ጎንደሬ ናት፤ የእኔን ስነግራት «አንቺ ደግሞ የት ቦታ ተነቀስሽ!» ብላ ስልኩን ልትዘጋብኝ ነበር።

ሰሎሜ (ኔታንያ)፣ ረቡዕ ጠዋት

አደይ የጻፈችው እውነት ነው፤ ለእሷ ተሳክቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእኔ አልተሳካም። ላስፈራራሽ አይደለም የምጽፈው፤ ክፉውንም ንገሩኝ ስላልሽ ነው።

እኔም በዚያው ዕለት ነበር የተሠራልኝ፤ በዚያው የመልሕቅ ቅርጽ። ነገር ግን እሷ አንቀልባ ያለችው የውስጥ ቆዳ ለእኔ አልተደረገልኝም፤ ሲሊኮኑ በቀጥታ ከቆዳው ሥር ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ ቁልቁል የወረደው ስፌት ከሥረኛው ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ቆዳው ወይን ጠጅ ሆነ፤ በዘጠነኛው ቀን እንደ ከሰል ጠቆረ። የሞተውን ቆርጠው ሰፉት፤ እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ትኩሳት መጣ፣ ሲሊኮኑ ወጣ። ኬሞዬ አምስት ሳምንት ዘገየ። ከሁሉም ያስለቀሰኝ ይህ መዘግየት ነው፤ ጡቱ ሲሄድ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ስኳር አለብኝ፤ በዚያን ጊዜም በደንብ አልተቆጣጠርኩትም ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ «ስኳርሽ ሳይስተካከል ይህን አናደርግም» አላለኝም። ብባል እሰማ ነበር ወይ? እንጃ። በዚያው ቀን ጡት ይዤ መንቃት ፈልጌ ነበር።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ከሆዴ ተወስዶ ተሠራልኝ። የሆድ ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ተቆርጦ ይመጣና ደረት ላይ ካለ የደም ሥር ጋር በአጉሊ መነጽር ይሰፋል። ስምንት ሰዓት ፈጀ፤ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ፤ ለአንድ ወር ጎንበስ ብዬ ነበር የምሄደው። አሁን ግን ሞቃት ነው፣ የራሴ ነው፤ ስወፍር ይወፍራል፣ ስከሳ ይከሳል። እዚህ እስራኤል ውስጥ ለምትኖሩ፦ ከካንሰር በኋላ መልሶ ማሠራት በጤና ሽፋኑ ውስጥ ነው፤ ቶፌስ 17 የሚባለውን የክፍያ ዋስትና ወረቀት ከቁፓት ሆሊም (ከጤና መድኅን ድርጅታችሁ) ማስወጣት ግን በእናንተ እግር የሚሆን ነገር ነው። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ዕብራይስጥ የሚችል ልጅ አስከትሉ።

አወያይ፣ ረቡዕ ከሰዓት

ከዚህ ቦታ አንድ መልእክት አንሥቻለሁ። የጡት ካንሰርን በሥራሥር ሳይቆረጥ አድናለሁ የሚልና ስልክ ቁጥር የያዘ ነበር። ጸሐፊው በድጋሚ ቢሞክር መለያው ይዘጋል። ውይይቱን ቀጥሉ።

ነርስ ሐ. (ስቶክሆልም)፣ ረቡዕ ምሽት

በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የወለላን ጡትም አላየሁም። ግን ሁለቱ ሐኪሞች ለምን እንደ ተለያዩ የገባኝ ይመስለኛል።

ጡቱ ከውስጥ ሲወጣ፣ የቀረው ቆዳ ከሥር ይመጣለት የነበረውን ደም ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው ከዳር በሚመጣው ብቻ ነው። መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከወንዙ አፍ አጠገብ ያለው ማሳ ይጠግባል፣ ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ይደርቃል። ትልቅ ጡት ማለት ረጅም ቦይ ማለት ነው። ሰሎሜ የጠቆረባት ነጥብ ሁለቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ ሩቅ የሆነው እሱ ነው። በእኛም ክፍል ቁስል የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ የአደይ አንቀልባ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የገባውን ይይዛል፤ ከላይ ያለው ቆዳ እዚያ ነጥብ ላይ ቢሞት ደግሞ ከሥሩ ሌላ ደም ያለው ሽፋን ስላለ ሲሊኮኑ ለአየር አይጋለጥም። ሰሎሜ የጎደላት ያ ሁለተኛ ሽፋን ነው።

ስለዚህ ወለላ፣ ሐሙስ ስትሄጂ «በዚያው ቀን ወይስ በኋላ?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። ከሥር ምን ሽፋን እንደሚኖር ጠይቂ። ሙሉውን ሲሊኮን ነው የሚከቱት ወይስ ባዶ ወይም በከፊል የተሞላ ፊኛ? ባዶ ፊኛ ቆዳውን አይወጥረውም፤ የተወጠረ ቆዳ ደም ያንሰዋል። በደም ሥር አረንጓዴ ቀለም ሰጥተው በልዩ ካሜራ የቆዳውን የደም ዝውውር የሚያዩበት መሣሪያ እንዳላቸውም ጠይቂ። ካሜራው ቆዳው እንደማይችል ካሳየ እዚያው ጠረጴዛ ላይ «ዛሬ አይሆንም» ብለው ዘግተው ሊወጡ እንደሚችሉ አስቀድመሽ ተስማሚበት። እንዲህ ሲሆን ያየኋት ሴት በመጀመሪያ በጣም ተናደደች፤ ከዓመት በኋላ ግን ቡና ይዛልን መጣች።

ሲጋራና ሺሻ ካለ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም፤ ሺሻ እንደ ሲጋራ አይቆጠርም የምትሉ አላችሁ፣ ይቆጠራል። ስኳር ይስተካከል። ኬሎይድ (አብጦ የሚያድግ ጠባሳ) የሚያወጣ ቆዳ ካለሽ ንገሪያቸው፤ በእኛ ቆዳ ላይ የተለመደ ነው፤ የመልሕቁ ስፌት ደግሞ ረጅም ነው።

ጨረር ያስፈልግሽ እንደሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት መታወቅ አለበት። ጨረር ሲሊኮን ያለበትን ጡት ሲያገኝ፣ በዙሪያው የሚፈጠረው ጠባሳ ጠንክሮ ይጨብጠዋል፤ ቅርጹ ይበላሻል፣ ያማልም። ጨረር እርግጥ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ፊኛ ብቻ አስገብተው ቦታውን ይጠብቁና በኋላ ከሆድ ወይም ከጀርባ በተወሰደ ሥጋ ይሠራሉ። ይህ የሆድ ነገር እንኳ እዚህ ስዊድን ውስጥ ሥር አለው፤ ሆልምስትሮም የተባለ ሐኪም በ1979 ከሆድ የተቆረጠ ሥጋ ደረት ላይ ተክሎ ጽፎበታል። ዛሬ የሚሠሩት ጡንቻውን ሳይነኩ ነው፤ ያን ዘዴ አሜሪካ ውስጥ ኒው ኦርሊንስ ላይ አለን የሚባል ሐኪም በ1990ዎቹ አስፋፋው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሊኮን ከተባለ ላዩ ልስልስ ነው ወይስ ሸካራ በሉ። በ2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ሸካራውን ዓይነት ከመላው ዓለም ገበያ ሰብስቧል፤ አልፎ አልፎ በዙሪያው የሚነሣ የንፍፊት ካንሰር ስለ ተገኘ።

ስም የለሽ 40፣ ረቡዕ ምሽት

ሰው በጦርነትና በረሃብ በሚያልቅበት ዘመን ስለ ጡት ቅርጽ ይህን ያህል መጨነቅ ከንቱ ውዳሴ አይሆንም? እኅታችን ብትጸልይና ያላትን ብታመሰግን ይሻላል።

አደይ (ዳላስ)፣ ረቡዕ ምሽት

ወንድሜ፣ ሁለት ሊትር ውኃ በአንድ ጎንህ ብቻ አንጠልጥልና ለአንድ ሳምንት ሥራህን ሥራ። ከዚያ ተመልሰህ ስለ ከንቱ ውዳሴ አስተምረን። ጸሎቱን እኛም እንጸልያለን።

ትዕግሥት (ለንደን)፣ ሐሙስ ጠዋት

ሁላችሁም ጡቱ ይወጣል ከሚለው ተነሣችሁ። ለምን ይወጣል? እኔ የጡት መያዣ ቁጥሬ 38 ጂ ነበር፤ ትልቅ ማለት ነው። ሐኪሞቼ ዕጢውን ጡት በመቀነሻው መንገድ ከዙሪያው ጋር አወጡት፤ በዚያው ሰዓት ሌላውን ቀነሱ፤ ከዚያ ጨረር ወሰድኩ። ሲሊኮንም ፊኛም የለኝም። ትንሽ ጡት ያላት ሴት ላይ ይህን ያህል ቢቆረጥ ምንም አይተርፍም፤ ከእኛ ላይ ግን ግማሹ ቢሄድም ጡት ይቀራል። ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠትና ጡቱን በሙሉ ማውጣት በሕይወት በመቆየት ረገድ እኩል መሆናቸውን የአሜሪካኖቹ የፊሸርና የጣሊያኖቹ የቬሮኔዚ ጥናቶች ሴቶችን ሃያ ዓመት ተከታትለው በ2002 አሳይተዋል። ይህን ማንም ካልነገረሽ ሦስተኛ ሐኪም ፈልጊ።

ወለላ (ሜሪላንድ)፣ ሐሙስ ማታ

ትዕግሥት፣ አመሰግናለሁ። ጽሑፍሽን አንብቤ ዛሬ በምሳ ሰዓት ለቀዶ ሐኪሟ ደወልኩ፤ ድሮ ቢሆን አላደርገውም ነበር። እኔ ላይ ዕጢው በሁለት የተለያዩ የጡት ክፍሎች ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ በወተት ቱቦዎቹ ውስጥ የተዘረጋ ነገር አለ፤ ኤም አር አይ ላይ ግማሹን ጡት ይዞ ታይቷል። «ያን ሁሉ አውጥቼ የሚቀረው ጡት አይባልም» አለችኝ። እንግዲህ የእኔ ይወጣል። አንድ ዕጢ ብቻ ያላችሁ ግን የትዕግሥትን መልእክት ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ነርስ ሐ.፣ ጥያቄዎችሽን በእጄ ገልብጫለሁ። ቀዶ ጥገናው ሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው የሚውለው። ጾሙን እንዴት ላድርግ?

ነርስ ሐ. (ስቶክሆልም)፣ ሐሙስ ማታ

ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። ሽሮና ምስር እየበላሽ መዳን ይቻላል፤ ግን በዝቶ መበላት አለበት፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ደግሞ ምግብ ያስጠላል። እንደ እኔ ከሆነ እንቁላልና ወተት ይሻልሻል።

አደይ (ዳላስ)፣ ሐሙስ ማታ

ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የእኔ «የታመመ አይጾምም፤ ከቻልሽ ምላስሽን ጹሚ» አሉኝ። ምላሴን መጾሙ እስካሁን አልሆነልኝም፤ ይኸው ረቡዕ ዕለት ሻርኩት።

የልጆች አባት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)፣ ዓርብ ምሽት

እኅቶቼ፣ በሴቶች ጉዳይ መግባቴን ይቅር በሉኝ። ባለቤቴ ካንሰሩ የተገኘባት ከአራት ዓመት በፊት ነው። እሷም ትልቅ ጡት ነበራት። «ጡት አልፈልግም፣ ዝም ብሎ ይዘጋ» አለች፤ እኔም ውሳኔዋን አከበርኩ። እሷ ዛሬም በዚያ አልተጸጸተችም። የተቆጨነው በሌላ ነው፤ ስለ ግራው ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም።

በሦስተኛው ወር ወገቧንና አንገቷን ያማት ጀመር። ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባው አርቴፊሻል ጡት ከግራው ጋር እንዲመጣጠን ሲባል ትልቅ ነው፤ ያሞቃል፣ ያልባታል። ቅዳሴ ላይ ስትሰግድ ሊወድቅባት ሲል ለጥቂት ያዘችው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከኋላ ነበር የምትቆመው። በብብቷ ሥር ደግሞ የተረፈው ቆዳ እንደ ጆሮ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለካ ትልቅ ጡት ሲዘጋ ለዚያ ጫፍ ልዩ አሰፋፍ ያስፈልገዋል፤ ዝርግ አድርጎ መዝጋትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ግራውን ለማስቀነስ ስንጠይቅ የመድኅን ድርጅቱ «ለቁንጅና ነው» ብሎ መለሰን። አንዲት የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት መንገዱን ያሳየችን። እዚህ አሜሪካ የ1998 ሕግ አለ፦ የጤና መድኅኑ ጡት ማውጣትን የሚሸፍን ከሆነ፣ መልሶ ማሠራቱን በሁሉም ደረጃው፣ ሁለተኛውን ጡት እኩል ለማድረግ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና፣ አርቴፊሻሉን ጡት፣ የክንድ እብጠቱን ሕክምና ጭምር መሸፈን አለበት። ያን ጠቅሰን በጽሑፍ ይግባኝ አልን፤ በስድስተኛው ሳምንት ፈቀዱ። የራሳችንን ድርሻ ግን ከፍለናል፤ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። ወለላ፣ የግራው ነገር ከአሁኑ በጽሑፍ ይግባልሽ።

እትዬ ሙሉ (አዲስ አበባ)፣ ቅዳሜ ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። የእህቴ ልጅ ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ ስናገር እሷ ትመታለች። ዕድሜዬ 61 ነው። የእኔ ጡት የወጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ጨረሩን ጥቁር አንበሳ ወረፋ ጠብቄ ወሰድኩ። በዚያው ቀን መልሶ ስለ መሥራት የነገረኝ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም ዛሬ ከእናንተ ነው የሰማሁት። ሐኪሞቹ ደክመውልኛል፣ ነፍሴን አትርፈውልኛል፤ አልከሳቸውም።

እንግዲህ የቀረው ጡቴ ትልቅ ነው። ከውጭ የሚመጣውን የሲሊኮን ጡት ዋጋ ሰምቼ ተውኩት። ነጭ አቡጀዲ ሰፍቼ ጥጥ ሞላሁበት፤ ቀላል ሆኖ ወደ አንገቴ ወጣ። ከዚያ ሩዝ ሞከርኩ፤ ጎረበጠኝ። በመጨረሻ ተልባ ሞላሁበት። ተልባ ይንሸራተታል፣ እንደ ሰውነት ይሆናል፣ ከደረት ጋር ይሞቃል። የባለ ሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጬ አንድ ኪሎ ከሩብ አደረግሁት፤ ባለ ሱቁ «እትዬ ሙሉ፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የቤት ዕቃ ነው» አልኩት። በየወሩ እቀይረዋለሁ፤ ላብ ሲያገኘው ይሸታልና። ወገቤን አሁን አያመኝም። ከሁሉ ያስቸገረኝ የጡት መያዣው ነው፤ በእኔ ቁጥር መርካቶም ፒያሳም ይጠፋል።

አንቺ ወለላ የሚሉሽ፣ እግዚአብሔር ጥበብ ላለው ሐኪም ይስጥሽ። ወደፊት የሚሆነውን ሁሉ ጽፈሽ አስታውቂን።

ትዕግሥት (ለንደን)፣ ቅዳሜ

እትዬ ሙሉ፣ እጅዎን ስሜያለሁ። የተልባውን ነገር እዚህ ላሉት ነርሶች ነግሬያቸው አላመኑኝም።

ወለላ (ሜሪላንድ)፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። እትዬ ሙሉ፣ ጽፈሽ አስታውቂን ባሉኝ መሠረት ይኸው መጣሁ። እርስዎን ሳስብ ነው የጠነከርኩት።

ቀዶ ጥገናው ከተደረገ ዛሬ አምስት ሳምንቱ ነው። ሐሙስ ዕለት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ፤ «በዚያው ቀን» ያለኝን ሐኪም ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ሙሉ ሲሊኮን አልነበረም ሊከት ያሰበው፤ ፊኛ ነው፤ እሱ መጀመሪያ ስላልነገረኝ እኔም ስላልጠየቅሁ ነው። አንቀልባውን ስጠቅስለት ደነገጠ፤ «ይህን ማን ነገረሽ?» አለኝ። ዳላስ ያለች ጓደኛዬ አልኩት። «በኋላ» ላለችኝም ደወልኩ። የፊኛውን፣ የውስጡን ሽፋንና የካሜራውን ነገር ስነግራት «እንዲያ ከሆነ አልቃወምም፤ እኔ የፈራሁት ሙሉውን በአንድ ጊዜ መክተቱን ነው» አለችኝ። ይህን ያህል ሌሊት ያስቀመጠኝ ልዩነት በስልክ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለቱን ሐኪሞች ማንም አላገናኛቸውም ነበር።

የወጣው ጡት 1 ኪሎ ከ420 ግራም መዘነ። ሐኪሟ ስትነግረኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? የእትዬ ሙሉን ሚዛን። ከብብቴ ሁለት ንፍፊት ተወስዶ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ጨረር አያስፈልግሽም ተብያለሁ። ስለ ኬሞ ገና የዕጢውን ምርመራ ውጤት እየጠበቅሁ ነው።

ስነቃ ያየሁት ጡት አልነበረም፤ ይህን ለሚከተሉኝ ልናገር። ዝርግ፣ የተሸበሸበ፣ በሰማያዊ ቀለም የተሰመረበት ነገር ነው። ፊኛው ውስጥ ትንሽ ብቻ ነው ያለው። «ባዶ ደረት አታዪም» የተባለውን በጥሬው ይዤው ስለነበር ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ፈሳሽ ማውጫ ቱቦዎቹ አሥራ ሁለት ቀን ቆዩ፤ ከሐበሻ ቀሚሴ ሥር በመቀነት አስሬያቸው ልጄ ትምህርት ቤት ድረስ ሄጃለሁ። የምተኛው ወደ ኋላ በሚለጠጥ ወንበር ላይ ነበር።

ያቺ ነጥብ እኔንም አልማረችኝም። በስምንተኛው ቀን ሽምብራ የምታህል ጥቁር ታየች። ሰሎሜን አስቤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በሌሊት ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። ሐኪሙ በጠዋት አየኝና «ከሥሯ የራስሽ ቆዳ አለ፤ ትድናለች» አለኝ። ቅባት እየቀባሁ ቆየሁ፤ በአራተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ወደቀ። እንቁላሉንም በልቻለሁ፤ የንስሐ አባቴ ፈቅደዋል፣ እናቴ ግን እስካሁን አላወቀችም።

ያልጠበቅሁት ነገር ድንዛዜውን ነው። ቆዳው የእኔ ነው፣ ሲነኩት ግን አይሰማኝም። አንድ ማታ ብርድ ብሎኝ የሞቀ ውኃ ላስቲክ ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ፤ ስነሣ ቀልቷል። ለጥቂት ነው ሳይፋጅ የቀረው። ማንም ትኩስ ነገር እንዳያስጠጋበት።

ግራው በሐምሌ ይቀነሳል፤ በዚያው ፊኛው በሲሊኮን ይተካል። የመድኅኑ ፈቃድ በጽሑፍ እጄ ገብቷል፤ የልጆች አባት፣ በእርስዎ ምክር ነው። የሁለቱም መጠን አሁን ካለኝ ከግማሽ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ፦ በመሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ ትልልቅ የጡት መያዣዎች አሉ፤ አራቱ ከነወረቀታቸው ናቸው። ግራው እስኪቀነስ ሁለቱን አስቀራለሁ። ዘጠኙን ምን ላድርጋቸው?

እትዬ ሙሉ (አዲስ አበባ)፣ በማግስቱ

እልልል! ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ቁጥራቸው ስንት ነው?

ወለላ (ሜሪላንድ)፣ በማግስቱ

38 እና 40 ናቸው፣ ትልቁ ዓይነት። ሁሉም የእርስዎ ናቸው፤ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ካለ ብቻ ንገሩኝ።

የልጆች አባት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)፣ በማግስቱ ምሽት

ለፋሲካ እሄዳለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ ቦታ አለኝ። ጉምሩክ ላይ ከፍተው ይህ ሁሉ የማን ነው ቢሉኝ ግን ምን ልበል?

እትዬ ሙሉ (አዲስ አበባ)፣ በማግስቱ ምሽት

የተልባ ከረጢት ነው በል።